የእሑድ አደራ

ገና ሳንወለድ፥ "ኑዛዜ አምጡ" አሉን፤
ነጥብ ጓሳ ብለን ስም ብናስመዘግብ፥ ውል አሳቀፉን።
ጓሳ ያልነው በመንዙ ሣር ነው፥ ባለቤቱ ብዙ፤
ማጨጃው ቀን እስኪታወጅ ማንም አይነካው፥ ከነወዙ።
ውሉ ሰባ ሁለት ገጽ ነው። የቱንም ቢገልጡት
ስለ ሞታችን ያወራል እንጂ ስለ ሕይወት የለበት።
"ብትከስሩ" ይላል፥ "ብትጠፉ፥ ብትዘጉ፥
ወራሽ እንዲያገኘው፥ ቅጂውን ከሦስተኛ ወገን አደራ አድርጉ።"

ወሰንየለህ ሳቀ። "ሙሽሪትን" አለ "በሠርጓ ዋዜማ
መግነዝ ግዢ ማለት፥ ማን አይቶ ማን ሰማ!"
እኔ ግን ፈረምሁ፥ ብዕሩ ቀዝቅዞ
እንቢ እያለኝ ጭምር፥ ጣቴ ደንዝዞ፤
ደብረ ብርሃን ነዋ፥ ኅዳር ነው ወሩ፤
እንኳን ጣት፥ ይረጋል ቀለም ከብዕሩ።

ከብርድ ልብስ ሱቅ በላይ፥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፥
ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ስም አለን፥ ባንድ ጥቁር ሣጥን፥ ለዓይን የማይታይ።
የደነባ ምስር፥ የመዘዞ ወፍጮ ቤት፥
ስለ እንቁራሪቶች ብቻ የሚጽፍ የሞላሌ መምህር አለበት።
የወንድሟን ሱቅ ስም፥ ሱቁም ወንድሙም ካለፉ ወዲህ
በየዓመቱ የምታሳድስ፥ አስናቁ የምትባል ሴት አለች በዚህ።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የተለወጠውን ብቻ ነው የምንልከው፤
እሑድ ግን ሙሉውን፥ ከሀ እስከ ፐ፥ በምስጢር ቋጥረን፥ ማኅተም አትመን ነው።
ተቀባዩ ባሕር ማዶ ነው፤ አያውቀኝ፥ አላውቀው፤
ቆሜ ሳለሁ አይከፍትም። ከወደቅሁ ብቻ ነው ቋጠሮውን የሚያላቅቀው።

አንድ እሑድ መብራቱ ከቀኑ በስምንት ሄደ፤
ዐሥር ሆነ፥ አልመጣ፤ መሸ፥ ሰማዩ ጉም ወለደ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የውሉ ገደቡ።
ሣጥኑን በባና ጠቅልዬ ጄኔሬተር ፍለጋ ወጣሁ፤ ውሾችም ታዘቡ።

የፋብሪካው ዘበኛ ጋሽ ደምሳሽ በር ከፈቱ።
"ምንድን ነው?" "የሰው ስም።" "ወዴት ነው?" "አደራ።" ዝም አሉ ለጥቂቱ።
"ተቀባዩን ታውቂዋለሽ?" "አላውቀውም።" "ይከፍተዋል?"
"ካልሞትሁ አይከፍተውም።" "ይህስ" አሉ "ይገባኛል፤
የደብራችን ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ገበዙ አንድ፥ ሒሳብ ሹሙ አንድ፥
አንዱ ደግሞ እኔ ዘንድ።
ለብቻው የሚከፍት የለም። ለብቻው የከፈተ ሰው አንድ ጊዜ ነበር፤
ስሙን አልጠራውም፤ ልጆቹ አሉ በዚሁ ሰፈር።"

ገመዱን ሰኩልኝ። ከሌሊቱ ስምንት ከሃምሳ ላይ
የመጨረሻው ቁራጭ ወጣ፥ በዚያ ጉም ሰማይ።

ሰኞ ጠዋት መልስ መጣ፦ "ደርሷል። ማኅተሙ ደኅና። ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ።"
አንድ?
አንድ ሰው ጎድሏል። ማንን ጥዬ መጣሁ፥ በየትኛው መንገድ?

ቀኑን ሙሉ ቆጠርሁ። እንቁራሪቶቹ አሉ። የአስናቁ ወንድም አለ።
ምስሩም፥ ወፍጮውም፥ ሁሉም ከነቀኑ እንዳለ።
ማታ ላይ አገኘኋት፦
ሠናይት፥ በንጉሡ ሠ፥ መሐል ሜዳ የባና መደብር ያላት፤
ሰናይት፥ በእሳቱ ሰ፥ ሸዋ ሮቢት ክሊኒክ ያላት።
ማዶ ያለው ቆጣሪ፥ ሞክሼ ፊደል ሁሉ አንድ ነው የሚል ደንብ አንብቦ
አንዲት ሴት አደረጋቸው፥ አንዷን ባንዷ ሸብቦ።

አንዷ ደጋ ናት፥ ብርድ የሠራት፥ ከዋጋዋ የማትቀንስ፤
አንዷ ቆላ ናት፥ ወባ ለያዘው ሌሊት የምትደርስ።
እኔ ብወድቅ፥ ወራሹ መዝገቡን ሲዘረጋ
አንዷ ብቻ ነበረች የምትነሣው፥ ሲነጋ።

ለወሰንየለህ ደወልሁ። አልሳቀም።
"ስለ ንጉሡና ስለ እሳቱ" አለ፥ "ትምህርት ቤት ስንገረፍ ለምን እንደሆነ አላወቅንም።"

ጻፍሁላቸው። ደብዳቤው ከሰላምታ በቀር አንድ መስመር፦
"ሁለት ሰዎች ናቸው። እባካችሁ እንደገና ይቆጠር።"

ኀሙስ ነው ዛሬ።
መልስ የለም። መብራት አለ።